ከገደለ በኋላ ፊቱን እዩት

«ምርጡ ጄምስ ቦንድ ማነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የመላሹን ዕድሜ ከመልሱ ማወቅ ትችላላችሁ። ጸጉራቸው የሸበተው ሾን ኮነሪ ይላሉ። ከነሱ ትንሽ የሚያንሱት ሮጀር ሙር። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቦ ያደገው የኔ እኩያ ፒርስ ብሮስናን ይላል። ተማሪዎቼ ደግሞ ከዳንኤል ክሬግ በፊት ሌላ ሰው እንደነበረ ሲነገራቸው ይገርማቸዋል። ሁላችንም መጀመሪያ ያየነውን ነው የምንመርጠው። የመጀመሪያ ፍቅር በሉት።

እስቲ ለዛሬ ፍቅሩን ወደ ጎን ትተን በአንድ ሚዛን እንመዝናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን አሁን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1962 ጀምሮ ፊልሞቹን በእጁ ይዞ የኖረው የብሮኮሊ ቤተሰብ በ2025 መጀመሪያ ላይ የፈጠራ ሥልጣኑን ለአማዞን ኤም ጂ ኤም አስረክቧል። ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልነቭ፣ ጸሐፊው ስቲቨን ናይት እንደሆኑም ተነግሯል። ቦንድን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ግን ይህን እስክጽፍ ድረስ አልተገለጸም። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ሙያው መልማይነት ሆኗል። የእገሌ ቁመት፣ የእገሌ ዓይን፣ የእገሌ ሱፍ አለባበስ። ሙሽራ የሚመረጥ ነው የሚመስለው!

የኔ መለኪያ ሌላ ነው። ሰውየው ሰው ከገደለ በኋላ ፊቱ ላይ ምን ይታያል?

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ቦንድ ማለት የመግደል ፈቃድ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከሰባቷ በፊት ያሉት ሁለት ዜሮዎች ትርጉማቸው ይሄው ነው። መኪናው፣ ሰዓቱ፣ መጠጡና ሴቶቹ ጌጥ ናቸው። የተቀጠረበት ሥራ መግደል ነው። ታዲያ ሠራተኛን በሥራው ካልመዘንነው በምን እንመዝነው?

ሌላም ምክንያት አለኝ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ስለ ፊልም ስናወራ «ቲቸር፣ የቦንድ ነገር ደስ የሚለኝ፣ ሰው ገድሎ እንኳን ክራቫቱ አይዛነፍም» አለኝ። በአድናቆት ነው ያለው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን መርዶ ያልገባበት ቤት ማግኘት በከበደበት አገር የሚያድግ ልጅ ነው። ፊልም ፊልም ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም ጥይት የሚተኮስበት ፊልም ነው ስመለከት ያደግኩት። ሆኖም ያቺ «ክራቫቱ አይዛነፍም» የምትል ነገር ሄዳ ሄዳ ፊልሞቹን እንደገና አስከፈተችኝ።

ከሾን ኮነሪ እንጀምር። የኤዲንብራ ድሃ ሰፈር ልጅ ነው። ወተት አመላልሷል፣ የሬሳ ሣጥን ወልውሏል፣ የሰውነት ግንባታ ውድድር ላይ ቆሟል። ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ መጀመሪያ ላይ ይሄ ሰው ለኔ ቦንድ አይሆንም ባይ ነበር። ዳይሬክተሩ ቴረንስ ያንግ ግን የራሱ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰደው፣ አበላሉንና አረማመዱን አስተካከለው፣ ከዚያ «ዶክተር ኖ» በ1962 ወጣ። ፍሌሚንግም ሐሳቡን ለውጦ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለቦንድ የስኮትላንድ ዘር ሰጠው። አንድ ተዋናይ የደራሲውን ገጸ ባህሪ የትውልድ ሐረግ ሲያስቀይር አስቡት።

«ዶክተር ኖ» ውስጥ ፕሮፌሰር ዴንት የተባለ ሰው ቦንድን ሊገድል በሌሊት ይመጣል። ቦንድ አልጋው ላይ ትራስ ደርድሮ ሰው የተኛ አስመስሎ፣ በር ጀርባ ተቀምጦ ካርታ እየተጫወተ ነው የሚጠብቀው። ሰውየው ስድስት ጥይት አልጋው ላይ ያርከፈክፋል። በኋላ ሽጉጡን አንስቶ ቃታውን ሲስበው ባዶ ነው። ቦንድ ቆጥሮበታል። ከዚያ ይተኩስበታል። ወድቆም ይደግመዋል። የኮነሪ ፊት ላይ አንዲት ጡንቻ አትንቀሳቀስም። በ1962 እንዲህ ያለ የፊልም ጀግና ማየት ያስደነግጥ እንደነበር መገመት አያቅትም፤ ዛሬም ያስፈራል። መፍራታችን ደግሞ ልክ ነው፣ ነፍሰ ገዳይ እያየን መሆኑን አልደበቀንም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን «ጎልድፊንገር» መጣ። ይህን ታሪክ መጽሐፉንም ፊልሙንም አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ብታዩት ብዙ ነገር ይገባችኋል። መጽሐፉ ሲጀምር ቦንድ ማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጦ ውስኪውን ይጠጣል። ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ሰው ገድሎ ነው የመጣው። ሊገድለው የተላከ ተራ ቅጥረኛ ነበር። ቦንድ ግን ቁጭ ብሎ ስለዚያ ሰው ያስባል፤ ትናንት ይተነፍስ እንደነበር፣ አሁን እንደሌለ። የመታበት እጁም ያመዋል። ፊልሙ ደግሞ ሲጀምር ሊገድለው የመጣውን ሰው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይጥልና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይለቅበታል። ሰውየው ጢሱ እየወጣ ይሞታል፤ ቦንድ ኮቱን ይዞ አንዲት ቀልድ ጣል አድርጎ ይወጣል። ተመልካቹ ይስቃል።

በቃ፣ ከዚህ በኋላ ለሃያ ምናምን ዓመት መንገዱ ይሄ ሆነ። መግደል፣ ቀልድ፣ መውጣት። ኮነሪን አልወቅሰውም፤ ቀልዱን የጻፈው እሱ አይደለም፣ ሲናገረው ደግሞ ማንም አይደርስበትም። ተማሪዬ ያደነቀው ክራቫት ግን የተሰፋው እዚያ ጋ ነው።

ጆርጅ ላዘንቢን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አውስትራሊያዊ ነው፣ መኪና ሻጭ ነበር፣ ከማስታወቂያ በቀር ትወና የማያውቅ ሞዴል። ድፍረቱ ግን! ኮነሪ አዝዞ ያልወሰደውን ሱፍ ገዝቶ ለብሶ፣ ጸጉሩንም ኮነሪ ጋ በሚቆርጠው ሰው አስቆርጦ ነው አዘጋጆቹ ፊት የቀረበው። በ1969 «ኦን ኸር ማጀስቲስ ሲክሬት ሰርቪስ»ን ሠራ፤ የአማካሪውን ምክር ሰምቶ በዚያው አበቃ። ትወናው ብዙ ቦታ ላይ ይቆማል፣ እውነት ለመናገር። የመጨረሻዋ ትዕይንት ግን አለች። ከሠርጋቸው ወጥተው ሲሄዱ ሚስቱ መኪና ውስጥ ትገደላለች። እሱ አቅፏት፣ ለመጣው ፖሊስ እያረፈች ነው ዓይነት ነገር ይነግረዋል። መጀመሪያ ሲቀረጽ አልቅሶ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ፒተር ሀንት ቦንድ አያለቅስም ብሎ አስደገመው። የደረቀው ዓይን ይበልጥ ያማል። ልምድ የሌለው ሰው እዚያች ቦታ ላይ ከኮነሪ ይሻል ነበር ብዬ እከራከራለሁ፤ ኮነሪ ቢሆን ኖሮ መከራ የማይደርስበት ሰው ስለሆነ አናምነውም ነበር።

ሮጀር ሙር ጋ ስደርስ እጄ ይለሰልሳል። የሚወደድ ሰው ነው። ሲጀምር በ1973 ዕድሜው 45 ነበር፣ ሲጨርስ በ1985 57። ከኮነሪ በኋላ ይምጣ እንጂ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ አያምንም። ሰባት ፊልም ሠርቷል፣ በ«ሙንሬከር» ሕዋ ድረስ ሄዷል። ስለ ትወናው ሲጠየቅ በቅንድቡ የሚሠራ ተዋናይ ነኝ እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። ኮሜዲ እንደሚሠራ ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን፤ ማንም አልተታለለም።

በኔ ሚዛን ግን ሙር ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ«ፎር ዩር አይስ ኦንሊ» አንድ ነፍሰ ገዳይ መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥላበት ሳለ ቦንድ በእግሩ ገፍቶ ይጥለዋል። ሙር ይሄን ትዕይንት መሥራት አልፈለገም። የኔ ቦንድ እንዲህ አያደርግም ብሎ ተከራክሮ፣ በስንት ልመና ነው የሠራው። በመጨረሻው ፊልሙ በ«ኤ ቪው ቱ ኤ ኪል» ላይም ክሪስቶፈር ዎከን የራሱን ሠራተኞች በመትረየስ ሲፈጅ የሚታይበትን ክፍል እንዳልወደደው ተናግሯል። ከ1991 ጀምሮ የዩኒሴፍ በጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ ዓለምን ዞሯል። እንግዲህ ሰውየው መግደሉ የከበደው በእውነተኛው ሕይወት ነው፣ ፊልሙ ላይ ግን ፊቱ ላይ አላመጣውም። ነፍሱን ይማር።

አሁን ወደ ዋናው ሰው መጣን። ጢሞቲ ዳልተን።

ስሙን ስጠራ ስታፍ ሩም ውስጥ «ማነው እሱ?» ያለኝ አለ። «ሁለት ፊልም ሠርቶ የተባረረው» ያለኝም አለ (አልተባረረም፣ እመጣበታለሁ)። ዳልተን ዌልስ የተወለደ፣ የሼክስፒር መድረክ ያሳደገው ተዋናይ ነው። ኮነሪ መጀመሪያ ሲወጣ ገና በሃያዎቹ መግቢያ ላይ ሳለ ተጠይቆ ዕድሜዬ አልደረሰም ብሎ መልሶታል። ልብ በሉ፣ ወጣት ተዋናይ ቦንድ ሁን ተብሎ «አይ፣ ይቆየኝ» ሲል። በ1986ም የመጀመሪያው ምርጫ እሱ አልነበረም። ብሮስናን ተመርጦ ነበር፤ ሊዘጋ የነበረው የቴሌቪዥን ድራማው በዚሁ ወሬ ምክንያት እንደገና ቀጠለና በውል ያዘው። ቦታው ለዳልተን ደረሰ። ዳልተን የመጀመሪያ ሥራው ምን ሆነ? የፍሌሚንግን መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ማንበብ።

በ«ዘ ሊቪንግ ዴይላይትስ» (1987) መጀመሪያ አካባቢ አነጣጣሪ ተኳሽ ሴት እንዲገድል ታዝዟል። በመነጽሩ ሲያያት ሙያዋ እንዳልሆነ ይገባዋል፤ ጠመንጃዋን መትቶ ይተዋታል። ባልደረባው ትእዛዝ ጥሰሃል፣ ሪፖርት አደርግሃለሁ ይለዋል። ዳልተን የሚመልስለት ከሥራ ብባረር ደስታዬ ነው የሚል ዓይነት ነገር ነው። የሚለው ግን በጀብደኛ ድምፅ እንዳይመስላችሁ። ደሞዙን ለመተው ሰበብ የሚፈልግ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። (ይሄን ድምፅ አስተማሪዎች እናውቀዋለን፣ ሆ!)

ከዚያ ቪየና ይሄዳሉ። ያው ሪፖርት አደርግሃለሁ ያለው ባልደረባው፣ ሳንደርስ፣ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ዓይኑ እያየ ይገደላል። በቦታው አንዲት ፊኛ እየተንሳፈፈች ትመጣለች፤ ላይዋ ላይ ሞት ለሰላዮች የሚል ጽሑፍ በሩሲያኛ አለ። የዳልተንን ፊት እዚህ ጋ አቁማችሁ እዩት። ፊኛዋን በእጁ ያፈነዳታል፣ ከዚያ ሽጉጡን ይዞ ይሮጣል፣ አጥር ጀርባ ሌሎች ፊኛዎች ሲያይ ዘሎ ይደቅናል። የያዘው ሕፃን ነው። ከእናቱ ጋር የቆመ ሕፃን። ሽጉጡን ሲመልስ ፊቱ ላይ ያለው ነገር ነው እንግዲህ እኔ የምፈልገው። ልጅ ልገድል ነበር የሚል ፊት። ከሱ በፊት የነበሩት ሦስቱ በ15 ፊልም ውስጥ ይሄን ፊት አላሳዩንም።

ቀልድ አልተጻፈለትም ወይ? ተጽፎለታል። እዚያው ፊልም ላይ ጫማ ጨብጦ ከአውሮፕላን ስለወደቀ ሰው የሚላት ነገር አለች። ሲናገራት አፉ ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ያስታውቃል።

«ላይሰንስ ቱ ኪል» (1989) ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጓደኛው ፊሊክስ ላይተር በሠርጉ ሌሊት ለሻርክ ይጣላል፣ ሙሽሪት ትገደላለች። ቦንድ የመግደል ፈቃዱን ተነጥቆ በራሱ በቀል ይሄዳል። እንግሊዝ ውስጥ ከ15 ዓመት በታች ላሉ የተከለከለ የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም ይሄ ነው። መጨረሻው ላይ ሙሽሮቹ በስጦታ በሰጡት ላይተር ጠላቱን ያቃጥለዋል። ከዚያስ? ድል የለም፣ ቀልድ የለም። ልብሱ ተቀዳዶ፣ ደምና አቧራ ለብሶ፣ ትንፋሹ አልቆ ታዩታላችሁ። ክራቫት የለ፣ ምን የለ።

ሕዝቡ ምን አለ? «ይሄ ሰውዬ አይስቅም!»

ፊልሙ የወጣው «ባትማን»፣ አዲሱ «ኢንዲያና ጆንስ» እና «ሊታል ዌፐን 2» ሲኒማ ቤቱን በያዙበት ክረምት ነበር። በዓለም ዙሪያ ያስገባው 156 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ከዋጋ ንረቱ ጋር ሲሰላ ለቦንድ ቁልቁለት ነው። ወዲያው ደግሞ በኤም ጂ ኤም ሽያጭና በፊልሞቹ መብት ዙሪያ የሕግ ክርክር ተነሳ፤ ስድስት ዓመት ፊልም ሳይወጣ ቀረ። ዳልተን በ1994 በራሱ ፈቃድ ተሰናበተ። «ተባረረ» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው።

ብሮስናን የኛ ዘመን ሰው ስለሆነ ብዙ ማለት አይጠበቅብኝም። «ጎልደን አይ» (1995) ጥሩ ፊልም ነው፣ «ዳይ አናዘር ዴይ» (2002) ከነማይታየው መኪናው ይቅር ይበለን። ብሮስናን መልክም አለው፣ ሱፉም ያምርበታል፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ወስዶ የተሠራ ቦንድ ነው። አንዲት ቦታ ላይ ግን አዘጋጆቹ ቢፈቅዱለት ምን ሊሠራ እንደሚችል አሳይቶናል። በ«ዘ ወርልድ ኢዝ ኖት ኢናፍ» (1999) የወደዳትን ሴት፣ ኤሌክትራ ኪንግን፣ ፊት ለፊት ይተኩስባታል። አትገድለኝም ብላ እርግጠኛ ነበረች። ከገደላት በኋላ ጎንበስ ብሎ ጸጉሯን ይነካል። ጥቂት ሰከንድ ናት። ከዚያ ተነስቶ ወደ ፍንዳታው ይሮጣል፣ ፊልሙም ወደ ለመደው ጨዋታ ይመለሳል። ያባከኑት ተዋናይ ነው።

ዳንኤል ክሬግ በ2005 ሲመረጥ ጸጉሩ ወርቃማ ነው ተብሎ ድረ ገጽ ተከፍቶ የአድማ ዘመቻ ተካሂዶበታል። ለጸጉር! በ2006 «ካዚኖ ሮያል» ሲወጣ ሁሉም ዝም አለ። ፊልሙ የሚጀምረው በጥቁርና ነጭ፣ ቦንድ የመጀመሪያ ሰውን ሽንት ቤት ውስጥ ታግሎ ሲገድል ነው። ሰው መግደል ጉልበት የሚጨርስ፣ አስቀያሚ፣ ረጅም ሥራ እንደሆነ ያሳያል። በኋላም ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ገድሎ ክፍሉ ይገባል፤ ደሙን ይታጠባል፣ ውስኪ ይጨልጣል፣ መስታወቱን ያያል። ቬስፐር ደግሞ ከነልብሷ ሻወር ሥር ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ሄዶ ከነሸሚዙ አጠገቧ ይቀመጣል። ከቦንድ ፊልሞች ሁሉ አንድ ትዕይንት ምረጥ ብትሉኝ ይቺን ነው የምመርጠው። አያችሁ፣ ክሬግን አልጠላም!

የሚያበሳጨኝ ሰው ሁሉ «ክሬግ ቦንድን ሰው አደረገው» ሲል ነው። ሰው ያደረገው ዳልተን ነው፣ ከ19 ዓመት በፊት፣ ያለ ጥሩ ዳይሬክተርና ያለ ጥሩ ጽሑፍ ድጋፍ። ክሬግ ማርቲን ካምቤል ነበረው፣ ከዚያ ሳም ሜንዴዝ ነበረው፣ ጁዲ ዴንች አለቃው ሆና ቆማለታለች፣ ተመልካቹም ተለውጦ ጠብቆታል። «ስካይፎል» በ2012 ከቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ዳልተን የተሰደበበት ያው ያለመሳቅ ለክሬግ ጥልቀት ተብሎ ተቆጠረለት።

ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር፣ የክሬግ ወዳጆች አትቆጡ። ከ«ስፔክተር» (2015) ወዲህ የክሬግ ሐዘን ራሱ ሱፍ ሆኗል። ፊልሙ ሲጀምርም አዝኗል፣ መኪና ሲነዳም አዝኗል፣ ሲስምም አዝኗል። ከመግደሉ በፊትና በኋላ ፊቱ አንድ ከሆነ ደግሞ ያው ኮነሪ ጋ ተመለስን ማለት ነው። የዳልተን ፊት ይለዋወጣል። ይቆጣል፣ ይደነግጣል፣ በቼሎዋ ሣጥን ላይ ተቀምጦ በበረዶ ሲንሸራተት እንደ ልጅ ይስቃል። አይስቅም ያሉት ሰዎች ያችን ያዩ አይመስለኝም።

ለቦንድ የሚታጩ ተዋናዮች ለዓመታት ሲፈተኑ የኖሩት «ፍሮም ራሽያ ዊዝ ላቭ» ውስጥ ባለች አንዲት ትዕይንት ነው። ቦንድ ሆቴል ክፍሉ ሲገባ ሩሲያዊቷ ታቲያና አልጋው ላይ ትጠብቀዋለች። ድምፅህ እንዴት ነው፣ አረማመድህ እንዴት ነው፣ ሴት ፊት ትርበተበታለህ ወይ፣ ይሄን ይመዝኑበታል። ቪልነቭ ይሄን ጽሑፍ እንደማያነበው አውቃለሁ። እኔን ቢጠይቀኝ ግን አልጋውን ትቶ ለእጩዎቹ በሙሉ የቪየናዋን ፊኛ እንዲሰጣቸው እነግረው ነበር፤ ጓደኛህ አሁን ሞቷል፣ ሽጉጥ ይዘሃል፣ አጥሩን ዝለል፣ ሕፃኑ እዚያ ቆሟል፣ ካሜራው ፊትህ ላይ ነው።

«ላይሰንስ ቱ ኪል» ያላችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፣ የኔው ፍላሽ ተበላሽቷል። የሮጀር ሙር ወዳጆች ደግሞ ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ፣ ግን በቅንድብ እንጂ በስድብ አይሁን።